ከ«ወላጅ አምጣ» የሚሻል ጥሪ

ሰባተኛ ወይም ስምንተኛ ክፍል የሚማር ልጅ ያለው ቤተሰብ ከትምህርት ቤት የሚደርሰው ጥሪ በአብዛኛው ከሦስት አንዱ ነው። ልጁ አጥፍቷልና «ወላጅ አምጣ» ተብሏል፤ ወይም ለአጥር፣ ለመማሪያ ክፍል እድሳት፣ ለወንበር መዋጮ ተጠይቋል፤ ወይም የሴሚስተሩ ካርድ ስለተሰጠ ተፈርሞበት እንዲመለስ ተልኳል። ሦስቱም ሥራ ናቸው፤ ይቅሩ የሚል የለም። ነገር ግን ሦስቱም ወላጁን የሚያውቁት በዋስነት፣ በከፋይነትና በፈራሚነት ብቻ ነው። ልጁ ምን መሥራት እንደቻለ፣ በምን እንደሚደሰት፣ ከእነማን ጋር እንደሚውል ለማየት የሚጠራ ወላጅ ብዙ አይደለም። እያንዳንዱ የመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የገዛ ሥራቸውን ለቤተሰብና ለሰፈር የሚያሳዩባቸው፣ ቀናቸው ከመስከረም ጀምሮ የታወቀ ጥቂት ዝግጅቶች ሊኖሩት ይገባል። እነዚህ ዝግጅቶች ጊዜ ሲተርፍ የሚደረጉ መዝናኛዎች ሳይሆኑ የመማር ማስተማሩ አንድ ክፍል ተደርገው መታየት አለባቸው።

ጉዳዩን በተለይ በዚህ እርከን ላይ ለማንሳት ምክንያት አለ። በንጉሡ ዘመንም በደርግ ጊዜም ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል «መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ» ተብለው ራሳቸውን የቻሉ ነበሩ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ መጨረሻ አደረጋቸው። አሁን ያለው አደረጃጀት ደግሞ ስድስት ዓመት አንደኛ፣ ሁለት ዓመት መካከለኛ፣ አራት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ብሎ መልሶ ለይቷቸዋል። እርከኑ በስድስተኛ ክፍል ፈተና ተገብቶበት በስምንተኛ ክፍል ፈተና የሚወጣበት አጭር መተላለፊያ ነው። አንዱ ዓመት በመላመድ፣ ሌላው በፈተና ዝግጅት ያልቃል። ትምህርት ቤቱና ቤተሰቡ በዚህ መሀል የሚተዋወቁበትን ጊዜ አስቦ ያላስቀመጠ ተቋም ልጁን ሳያውቀው ይሸኘዋል።

ዕድሜውም ቀላል አይደለም። የአሥራ ሦስትና የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ውሎውን ለቤተሰቡ መተረክ የሚያቆምበት፣ ከወላጁ ይልቅ የጓደኛውን አስተያየት የሚፈራበት ጊዜ ነው። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጃክሊን ኤክልስና ባልደረቦቿ ተማሪዎች ወደ መካከለኛ ደረጃ ሲሸጋገሩ የመማር ፍላጎታቸው ለምን እንደሚቀንስ ለዓመታት አጥንተዋል። የደረሱበት መደምደሚያ ጥፋቱን ሁሉ በጉርምስና ላይ አይጭንም። ልጁ የበለጠ ነፃነትና የሚቀርበው አዋቂ በሚፈልግበት ዕድሜ ላይ ትምህርት ቤቱ በተቃራኒው ቁጥጥሩን ያጠብቃል፣ ከመምህሩ ጋር ያለውን ቅርበት ያሳሳል ይላሉ። ጥናቱ የተሠራው በሌላ አገር ነው፤ ሆኖም ስልሳና ሰባ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል፣ በየክፍለ ጊዜው መምህር በሚቀያየርበት ሥርዓት ውስጥ ያለ የእኛ ተማሪ ከዚህ የተለየ ነገር እንደሚገጥመው ለማሰብ ምክንያት አይኖርም።

እዚህ ላይ አንባቢ ወላጅ ትምህርት ቤት ስለመጣ ብቻ ልጅ ጎበዝ ይሆናል ወይ ብሎ ቢጠይቅ ልክ ነው። ናንሲ ሂልና ዳያና ታይሰን በ2009 እ.ኤ.አ. በመካከለኛ ደረጃ ላይ ያተኮሩ 50 ጥናቶችን አሰባስበው ይህንኑ መርምረዋል። ወላጅ በትምህርት ቤት ጉዳዮች መሳተፉ ከልጁ ውጤት ጋር በጎ ግንኙነት እንዳለው አገኙ፤ ከሁሉ የጠነከረ ግንኙነት የታየው ግን ወላጅ ከልጁ ጋር ስለትምህርት ዋጋ፣ ስለወደፊት ዕቅዱና ከእሱ ስለሚጠብቀው ነገር ሲነጋገር ነው። የቤት ሥራ ማገዝ ደግሞ ወጥ የሆነ ጥቅም አልታየበትም። ይህ ግኝት ላይ ላዩን ሲታይ ዝግጅቱን የሚያሳንስ ይመስላል። ወላጅ ስላላየው ነገር እንዴት ይነጋገራል ብሎ ለሚጠይቅ ግን ትርጉሙ ይገለበጣል። «ትምህርት እንዴት ነው?» ሲባል «ደህና ነው» የሚል መልስ የለመደ ቤት ወሬው እዚያው ያልቃል። ልጇ የውኃ ማጣሪያ ሠርታ እንዴት እንደሚሠራ ስታስረዳ የሰማች እናት ግን ማታ የምትጠይቀው አላት፤ የሳምንቱም ወሬ ከዚያ ይቀጥላል። የዝግጅቱ ፍሬ በዕለቱ በሚጨበጨበው ጭብጨባ ሳይሆን ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ በሚከፈተው ንግግር ይለካል።

ትምህርትን በሰው ፊት ማሳየት ከውጭ የመጣ ፈሊጥ እንዳልሆነም ማስታወስ ያስፈልጋል። የቅኔ ተማሪ የዘረፈው ቅኔ የሚመዘነው ጉባኤው እየሰማ ነው። ልጅ ዳዊት ደገመ ሲባል ቤተሰብ ይደግስ፣ ጎረቤት ይመርቅ ነበር። በቁርኣን ትምህርት ቤትም ልጁ ሲያኸትም ደስታው የመንደሩ ነው። ዘመናዊው ትምህርትም ሲጀመር ይህን ልማድ ይዞ ነበር። ከጣሊያን ወረራ በፊት ዮፍታሔ ንጉሤ በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት ሲያስተምር የጻፋቸውን ተውኔቶች ተማሪዎች መድረክ ላይ ይጫወቷቸው ነበር፤ የአማርኛ ቲያትር እግር ካወጣባቸው ቦታዎች አንዱ የትምህርት ቤት መድረክ ነው። የወላጆች ቀንም በየትምህርት ቤቱ የዓመቱ መዝጊያ ሆኖ ለብዙ ጊዜ ቆይቷል። ዛሬ ያለው ችግር ልማዱ መጥፋቱ ሳይሆን ወደ ሽልማት ማደያና ወደ ንግግር ማድመጫነት መጥበቡ ነው፤ በዕለቱ የሚታዩት ከአንድ እስከ ሦስት የወጡት ናቸው፣ የቀረው ተማሪ ተመልካች ነው።

የትምህርት ቤቶችን የዓመት መርሐ ግብር ያየ ሰው ቀን አጥሯቸዋል ሊል አይችልም። በጥቅምት የሰንደቅ ዓላማ ቀን አለ፤ በኅዳር የኤድስ ቀንና የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ይከተላሉ፤ በየካቲት ዓድዋና ማርች 8 ይመጣሉ። ሁሉም ሊታሰቡ የሚገባቸው ናቸው፤ ግን መልእክታቸው ከላይ ተዘጋጅቶ የሚመጣ፣ አከባበራቸውም በሰልፍና በመፈክር የሚያልቅ ነው። በሌላ በኩል የሥነ ጽሑፍ፣ የሳይንስና ሒሳብ፣ የቀይ መስቀል፣ የአካባቢ ጥበቃ፣ የልጃገረዶች ክበቦችና ሚኒ ሚዲያው ዓመቱን ሙሉ ይሠራሉ፤ ወይም በወረቀት ላይ ይሠራሉ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርትም የክዋኔና የእይታ ጥበባትን፣ የሙያና የቴክኒክ ትምህርትን ለዚህ እርከን ሰጥቷል። እነዚህ በባሕርያቸው ውጤታቸው የሚታይ፣ የሚዳሰስና የሚሰማ ትምህርቶች ናቸው። ሥዕልን ሳያሳዩ፣ ዜማን ሳያሰሙ፣ የተሠራን ዕቃ ሳያስነኩ በምርጫ ጥያቄ ብቻ መዝኖ ማለፍ የትምህርቱን ዓላማ መሳት ነው። ክበቡና ትምህርቱ አሉ፤ የጎደለው ሁለቱን ከቤተሰብ ጋር የሚያገናኝ ቀን ነው።

ስለዚህ ሐሳቤ ትልቅ በጀት የሚጠይቅ አይደለም። በዓመት ሦስት ዝግጅት ይበቃል። የመጀመሪያው ዓመቱ በተጀመረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የሚደረግ መተዋወቂያ ነው፤ የክፍል ኃላፊ መምህሩ ከክፍሉ ቤተሰቦች ጋር ፊት ለፊት የሚገናኝበት፣ ክበቦች ራሳቸውን የሚያስተዋውቁበት። ሁለተኛው ከግማሽ ዓመቱ ዕረፍት በኋላ የሚመጣ የሥራ ማሳያ ቀን ነው፤ እያንዳንዱ ተማሪ ቢያንስ አንድ ሥራ ይዞ ይቀርባል፣ ለጠየቀውም ያስረዳል። ሦስተኛው ከስምንተኛ ክፍል ፈተና በፊት ወይም በኋላ ሰባተኞች ስምንተኞችን የሚሸኙበት፣ የስፖርትና የጥያቄና መልስ ውድድሮች ፍጻሜ የሚታይበት ዕለት ይሆናል። ቀኖቹ በምዝገባ ጊዜ በአንድ ገጽ ወረቀት ለቤተሰብ ይሰጡ፤ በግቢው በርም ይለጠፉ። ምርጫው ግን ለየአካባቢው ይተው። ኅዳር ለከተማ ቢመች ለገበሬው የአጨዳ ወቅት ነው፤ የገበያ ቀን፣ ጾምና በዓልም ከቦታ ቦታ ይለያያል። ቀኑን የሚቆርጠው ወረዳው ሳይሆን የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረቱ ከርእሰ መምህሩ ጋር ሆኖ ነው።

የመጀመሪያው ተቃውሞ የፈተና ነው። በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። እንዲህ ባለ ጊዜ ስለ ዝግጅት ማውራት ቅንጦት ነው የሚል ሰው ጭንቀቱ እውነተኛ ነው። ሆኖም እነዚህ ልጆች የወደቁት ሥራቸውን ለቤተሰብ በማሳየት ጊዜ ስላባከኑ አይደለም። መሠረታቸው የላላው ያልገባቸውን ሳይናገሩ ከክፍል ክፍል እየተዛወሩ፣ ማንም ሳያስተውላቸው ነው። አንድን ነገር በራስ ቃል ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ደግሞ መረዳት አለመረዳትን ከሚያሳዩ መንገዶች ዋናው ነው፤ ኮርጆ ያለፈ ልጅ አባቱ ሲጠይቀው ማስረዳት አይችልም። በዓመት ሦስት ግማሽ ቀን መስጠት ትምህርት አያቋርጥም። የሚያቋርጠው ለአንድ ትርዒት ተብሎ ለሳምንታት ክፍል እየዘጉ መለማመድ ነው፤ እሱ መከልከል አለበት። የሚቀርበው በክፍል ውስጥ የተሠራው ሥራ እንጂ ለዕለቱ ተብሎ የተሰናዳ ድግስ አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ወላጅ አይመጣም የሚል ነው። የቀን ሠራተኛ አንድ ቀን ቢቀር የዕለት ጉርሱ ይቀራል፤ ጉሊት የምትቸረችር እናት ቦታዋን ትታ አትመጣም፤ ያልተማረ ወላጅም ግቢው ውስጥ መግባት ያሳፍረዋል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ግን የሚያሳየው የአጠራሩን ጉድለት ነው። ረቡዕ ጠዋት ለሦስት ሰዓት፣ ያውም በዋዜማው የተጠራ ሰው ባይመጣ አይፈረድበትም። ቅዳሜ ወይም እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ከወራት በፊት የታወቀ ቀን ግን እንደ ዕድርና እንደ ማኅበር ቀን በቤቱ ሒሳብ ውስጥ ይገባል። ወላጅ ሲባልም እናትና አባት ብቻ አይደሉም፤ አያት፣ አክስት፣ ታላቅ እህት፣ ልጁ የተጠጋበት ዘመድ ሁሉ ጥሪው ይመለከታቸዋል። ፊደል ያልቆጠረች አያት ካርድ ማንበብ አትችልም፤ የልጅ ልጇ ቆማ ስትናገር ማየትና መስማት ግን ትችላለች። አዲስ አበባ ውስጥ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በተማሪዎች ምገባ የተሰማሩ እናቶችም በየቀኑ ግቢ ውስጥ ናቸው፤ ምግብ ለማብሰል የገቡበት በር ሥራ ለማየትም ሊከፈትላቸው ይችላል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ ይከብዳል፦ ዝግጅት ሲበዛ ወጪና መበላለጥ ይመጣል። ለአንድ ቀን ቲሸርት ይታተማል፣ ለኬክና ለድምፅ ማጉያ ይዋጣል፣ የሌለው ልጅ በዚያ ቀን ታሞ ይውላል። የክብር እንግዳ እስኪመጣ ሕፃናት ፀሐይ ላይ ይቆማሉ፤ ከዚያም ንግግሩ ይረዝማል። ይህን አላስተባብልም፤ መፍትሔው ግን በጥቂት ደንቦች ይገኛል። በዕለቱ ገንዘብ አይሰበሰብም። የተለየ ልብስ አይታዘዝም፤ የደንብ ልብሱ ይበቃል። የሚታየው የተመረጡ ጎበዞች ሥራ ብቻ ሳይሆን የሁሉም ነው። ንግግር አድራጊ ካለም ርእሰ መምህሩ ለአምስት ደቂቃ ይናገር፤ የቀረው ጊዜ የተማሪዎች ይሁን። በተለይ ለሴት ልጆች ይህ መድረክ ትልቅ ነገር ነው። በብዙ ገጠር ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል የጋብቻ ወሬ የሚጀመርበት ዕድሜ ነው፤ ያለዕድሜ ጋብቻ ሲታሰብ ለመምህራን የሚያሳውቁትም ብዙ ጊዜ የልጃገረዶች ክበብ አባላት ናቸው። ልጁን በትምህርቷ ስትከበር ያየ አባት ከትምህርት ቤት ለማስወጣት መቸኮሉ ይቀንሳል ብሎ ተስፋ ማድረግ አጉል አይደለም።

መምህራንም ቅሬታ ይኖራቸዋል፤ በደመወዛቸው ኑሮን መግፋት በከበደበት ጊዜ ቅዳሜን መጨመር ግፍ ነው ሊሉ ይችላሉ። ሊደመጡም ይገባል። ዝግጅቱ የሥራቸው አካል ከሆነ እንደ ሥራ ይቆጠርላቸው፤ የቅዳሜው ግማሽ ቀን በሌላ ቀን ይካካስ፤ በአፈጻጸም ምዘናቸውም ቦታ ይሰጠው። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የትምህርት ቤቶች መሻሻል መርሐ ግብር ከአራት ዐበይት ጉዳዮች አንዱ የኅብረተሰብ ተሳትፎ እንደሆነ ደንግጓል፤ ስለዚህ አዲስ ሸክም አልተፈጠረም። በተግባር ግን ተሳትፎው የሚለካው በተዋጣው ብርና በተገነባው ክፍል ነው። «ትምህርት ለትውልድ» በሚል ስም በተካሄደው ንቅናቄም ሕዝቡ ገንዘቡን፣ ዕቃውንና ጉልበቱን አውጥቷል። የሰጠው ሰው በሠራው ክፍል ውስጥ ምን እንደሚካሄድ የማየት መብት አለው፤ ያየ ሰው ደግሞ ለሚቀጥለው ጥያቄ ቅርብ ነው።

ለዚህ መመሪያ መጠበቅ አያስፈልግም። ርእሰ መምህሩ ሦስቱን ቀኖች ከኅብረቱ ጋር ቆርጦ በምዝገባው ወረቀት ላይ ሊያሰፍር ይችላል፤ ወላጆችም ልጅ ሲያስመዘግቡ ስለ ክፍያውና ስለ ደንብ ልብሱ እንደሚጠይቁት ሁሉ «የልጃችንን ሥራ የምናይበት ቀን መቼ ነው?» ብለው ይጠይቁ። የወረዳ ሱፐርቫይዘሮችም ለጉብኝት ሲሄዱ የመዋጮውን ደረሰኝ ብቻ ሳይሆን በዓመቱ ስንት ቤተሰብ ለጥፋትም ለክፍያም ሳይሆን ልጁን ለማየት እንደተጠራ፣ ከተጠሩትም ስንቱ እንደመጡ ይመዝግቡ። ይህን ቁጥር የሚያውቅ ትምህርት ቤት ቤተሰብን የሥራው ተካፋይ ማድረግ ጀምሯል፤ የማያውቅ ግን ስለ ኅብረተሰብ ተሳትፎ በሪፖርቱ የሚጽፈው ስለ ገንዘብ ብቻ ነው።