የመጠጥ ወዝ ደም ግባት አይደለም

በየማኅበሩና በየሰርጉ ቤት አንድ ክርክር ዘወትር ይሰማል። ጠጅ ወዳዱ፦ «ጠጅ የማር ልጅ ነውና ደም ይሆናል፤ ፊትንም ያወዛል» ይላል። ጠላ ወዳዱም፦ «ጠላ እህል ነው፤ ሰውነትን ያጠነክራል እንጂ አይጎዳም» ሲል ይመልሳል። ቢራ የለመደው ሁለቱን እንደ ኋላ ቀር ይቈጥራቸዋል፤ ሦስቱም ተባብረው አረቄ ጠጪውን ይንቁታል። እንዲህ እያለ እያንዳንዱ ለገዛ ብርጭቆው ጠበቃ ሆኖ ይቆማል።

ነገር ግን ጠበቆቹ ብዙ ሲሆኑ ተከሳሹ አንድ ነው። ማሩም ገብሱም ወይኑም ሲፈላ፥ እርሾው ስኳሩን እየበላ የሚያወጣው አልኮል አንድ ዓይነት ነው፤ አረቄም ይኸው አልኮል በእሳት ተነጥሮ የወጣ ነው። ልዩነቱ በመጠን ነው፤ መጠኑም ቢቈጠር ናቂውን ያሳፍራል። ከመቶ 5 እጅ አልኮል ያለበት ግማሽ ሊትር ቢራ 25 ሚሊሊትር አልኮል ይዟል፤ ከመቶ 12 እጅ ያለበት 150 ሚሊሊትር ወይን 18፥ ከመቶ 40 እጅ ያለበት 50 ሚሊሊትር አረቄ ደግሞ 20 ሚሊሊትር ይዟል። ጠጅና ጠላም እንደ አጣጣላቸውና እንደ አጠማመቃቸው ብርታታቸው ይለያያል እንጂ ከዚህ ሕግ አይወጡም። እርግጥ ነው፥ አረቄ ፈጥኖ ያሰክራል፥ ጉሮሮንና ጨጓራንም ያቃጥላል፤ ቢራና ጠላ ግን በብዛት ስለሚጠጡ በዝግታ እዚያው ያደርሳሉ።

ስለ ፊት ወዝ የሚነገረውም ስሕተት ነው። አልኮል ከቈዳ በታች ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ ደም ወደ ፊት ይወጣል፤ ጠጪው የሞቀው ይመስለዋል፥ ሰውነቱ ግን ሙቀቱን ወደ ውጭ እያፈሰሰ ይቀዘቅዛል። ደግሞም ኩላሊት ውኃ እንዲቈጥብ የሚያዘውን ሆርሞን ስለሚያግደው ሽንት ይበዛል፤ በማግሥቱ አፍና ከንፈር የሚደርቀውም ስለዚህ ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ ጉበት በጠባሳ ሲሞላ፥ ቈዳና የዓይን ነጭ ቢጫ ይሆናሉ፤ መዳፍ ይቀላል፤ በደረትም ላይ የሸረሪት እግር የመሰሉ የደም ሥሮች ይወጣሉ። ቅኔ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመፍታት አይቸገርም፤ የፊቱ ቅላት ሰሙ፥ የጉበቱ ቍስል ወርቁ ነው።

አንዳንዶች ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ጥቂት ወይን መፍቀዱን ይጠቅሳሉ። ምክሩ ግን ለታመመ ሆድ በጥቂቱ የተሰጠ ነው፤ ጤነኛው ብርሌ በብርሌ ላይ እንዲደርብ ማስረጃ አይሆነውም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅትም እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1988 ዓ.ም. የአልኮል መጠጦችን ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ጋራ ሲቈጥር፥ ቢራን ከወይን፥ ወይንንም ከአረቄ አልለየም።

እንግዲህ «የትኛው ይሻላል?» መባሉ ቀርቶ «ስንት ተጠጣ?» ይባል። ደም ግባት የፈለገ ውኃና ያልፈላ ብርዝ ይጠጣ፥ በጊዜም ይተኛ። ጋባዡም እንግዳውን «በሞቴ» እያለ ከማስገደድ ይቈጠብ፤ በሞቴ ተብሎ የተቀዳ ብርሌ የእንግዳውን ሞት ያቀርባልና።