«አንድነት» በሁለት በር?

በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ጎልፍ ተጫወትኩ። «አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ?» አትበሉኝ! ታክሲ የሚነዳ ያገሬ ልጅ ነው ዱላ አስይዞ ኢስት ፖቶማክ የወሰደኝ። ሜዳው የሕዝብ ነው። ወንዙ ዳር ሣሩ ተንጣሏል፤ የዋሽንግተን ሐውልት ከዛፎቹ በላይ ብቅ ብሏል። እኔ ኳሷን ስቼ አፈር ስገምስ፣ ከኋላችን ተራ የሚጠብቁት ሽማግሌዎች ሳቁብኝ እንጂ «ማን አስገባህ?» ያለኝ የለም። ሒሳብ ከፍለናል። የ«ቪ አይ ፒ» በር ግን አላየሁም።

ይህም በነፃ የተገኘ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1941 ሦስት ጥቁሮች እዚሁ ሜዳ ላይ የተጫወቱት በፖሊስ ታጅበው፣ ነጮች እየሰደቧቸው ነበር። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሃሮልድ ኢክስ፣ ግብር የሚከፍል ዜጋ በሕዝብ ሜዳ የመጫወት እኩል መብት አለው ብለው ቆሙላቸው።

ወደኛ ጉድ ልመለስ። በ2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ አንድነት ፓርክ ሲከፈት ለተራው ሰው 200 ብር፣ ለ«ቪ አይ ፒ» 1 ሺህ ብር ተባለ። ለዘመናት የተዘጋ ግቢ መከፈቱስ እሰይ ነው! ግን የቀን ሠራተኛው 200 ብር ከየት ያመጣል? ደግሞስ «አንድነት» ብሎ ስም አውጥቶ ሰውን በር ላይ ለሁለት መክፈል ምን የሚሉት ነው?

ጌቶቼ፣ ያ ግቢ የቆመው በሕዝብ ግብር ነው። የዓባይን ልጅ ውኃ አታስጠሙት!