ከእድሩ በፊት ያሉት ዓመታት

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ ኮተቤ፣ ሰው ሲሞት ምን እንደሚደረግ ሁሉም ያውቃል። እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል፣ ቀብሩም ተዝካሩም ሥርዓት አለው። ሥርዓት ያላበጀንለት ከሞት በፊት ያለውን ዘመን ነው። እናት መድኃኒታቸውን መዋጥ አለመዋጣቸውን ሲረሱ፣ አባት የባንክ ደብተራቸው የት እንዳለ ሲጠፋቸው፣ ማን ይወስንላቸው? ስለ ውርስ የምንጨነቀውን ያህል ለዚህ ብንጨነቅ ኖሮ ብዙ ወንድማማች ባልተካሰሰ ነበር ባይ ነኝ።

ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ልጆች ያሳደጉ አንዲት እናት እናስብ። ወንዱ ልጃቸው ዋሽንግተን ሆኖ ገንዘብ ይልካል። ሴቷ አብራቸው ትኖራለች፤ ታጥባቸዋለች፣ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ታመላልሳቸዋለች። እናትየዋ ጤነኛ ሳሉ ውልና ማስረጃ ሄደው ጠቅላላ ውክልና ሰጧት፤ ቤተሰቡም ነገሩ አለቀ ብሎ ተቀመጠ።

አላለቀም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ጠቅላላ ውክልናን ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ይፈቅዳል፤ ቤት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ይጠይቃል። ቁጥር 2232 ደግሞ ወካዩ ችሎታ ሲያጣ ውክልናው ይቀራል ይላል። የመርሳት በሽታ እናትየዋን ሲጥላቸው፣ ወረቀቱ ለዚያ ቀን የተያዘ ሆኖ ሳለ በዚያው ቀን ይከዳል። የሚቀረው መንገድ ፍርድ ቤት ቀርቦ እናትን በፍርድ የተከለከሉ አሰኝቶ አሳዳሪና ሞግዚት ማስሾም ነው። የወለዱህን እናት «አእምሯቸው ደክሟል» ብሎ ማመልከቻ መጻፍ ለማን ይቀላል?

ይኸው ቁጥር ግን ተቃራኒ ስምምነት ካለ የተለየ ሊሆን እንደሚችል ይፈቅዳል። ስለዚህ ወካይዋ ችሎታ ቢያጡም ውክልናው ይቀጥላል የሚል ዐረፍተ ነገር ማስገባት ተገቢ ነው። ይህ ሥልጣን ለማይታመን ልጅ የተመቸ መሆኑን አልክድም፤ ስለዚህ ቤቱ እንዳይሸጥ፣ ሌላው ልጅም ሒሳቡን እንዲያይ አብሮ ይጻፍ። እናትየዋ ፊደል ያልቆጠሩ ከሆነ፣ ጎረቤት ሰብስቦ ቤት ውስጥ አሻራ ማስነካት አይበቃም፤ አዋዋይ፣ መዝጋቢ ወይም ዳኛ ሊያረጋግጠው ይገባል።

አልጋ ላይ ሆኖ በቃል መናዘዝም አያዛልቅም። ተናዛዡ ከ3 ወር በላይ ከኖረ ቃሉ ይፈርሳል፤ በስጦታ የሚያወርሰውም እያንዳንዱ ከ500 ብር አይበልጥም። የዛሬ 500 ብር ምን እንደሚገዛ ሾላ ገበያ የወጣ ያውቃል። በ4 ምስክሮች ፊት ተነቦ ወዲያው የሚፈረመው ኑዛዜ ይሻላል።

ከሁሉ የሚከነክነኝ የአስታማሚዋ ልጅ ጉዳይ ነው። ኑዛዜ ከሌለ ልጆች እኩል ይወርሳሉ፤ እሷ ያጠበችው ልብስ፣ ያደረችበት ሌሊት አይቆጠርም። የቤተሰብ ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ለተቸገረ ወላጅ ቀለብ መስጠትን የልጆች ግዴታ ያደርገዋል፤ ግን የትኛዋ እናት ልጇን ከስሳ ትጦራለች? ሕገ መንግሥቱም መንግሥት አረጋውያንን የሚደግፈው አቅም በፈቀደ መጠን ነው ይላል። እንግዲህ ወንድምና እህት፣ እናትየዋ እየሰሙ፣ ማን ገንዘብ ማን ጉልበት እንደሚያዋጣ፣ ባለጉልበቷም ምን እንደሚታሰብላት ተነጋግረው ይጻፉት።

ልጅ ይህን ቢያነሳ «ሞቴን ተመኘህ» ይባላል። የእድር ዳኛ ቢያነሳው ግን ማንም አይቀየምም፤ እድሩ የአባሉን ቤተሰብ ስም መዝግቦ የለ? በዚያው መዝገብ ላይ «ቢታመሙ ወኪልዎ ማነው?» የሚል አንድ መስመር ይጨምርበት።