ከማያ ገጹ በፊት ጎዳናው

ደቡብ አፍሪካ መደበኛ የቴሌቪዥን ሥርጭት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1976 ነበር፤ ከኢትዮጵያ 11 ዓመት ዘግይታ። ይህ መዘግየት ለተመራማሪዎች ያልታሰበ ሲሳይ ሆነ። አሜሪካዊው ብራንደን ሴንተርዎል እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በነጭ ደቡብ አፍሪካውያን ዘንድ የነፍስ ግድያ በ1974 ከ100,000 ሰዎች 2.5 እንደነበረና በ1987 ወደ 5.8 እንዳሻቀበ አሳየ። ተጠያቂ ያደረገውም ልጆች ያደጉበትን ቴሌቪዥን ነው።

ቁጥሩ እውነት ነው፤ ስሌቱ ግን የአገሪቱን አብዛኛውን ሕዝብ፣ ጥቁሮችን፣ ከነጭራሹ አላካተተም። ሥርጭቱ ስድስት ወር እንኳ ሳይሞላው፣ ጁን 16 ቀን፣ በጆሃንስበርግ ሶዌቶ ፖሊስ በተማሪዎች ላይ ተኮሰ። የ12 ዓመቱ ሄክተር ፒተርሰን ከሟቾቹ አንዱ ነበር። በቀጣዮቹ ዓመታትም አገሪቱ ከግጭት አልወጣችም። ታዲያ ይህን ሁሉ ወደ ጎን ትቶ ጥፋቱን በማያ ገጹ ላይ መደፍደፍ እንዴት ይቻላል?

የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 እንዳስታወቀው፣ ጭካኔ የበዛባቸው የቪዲዮ ጨዋታዎች እንደ መጮኽና መገፈታተር ካሉ የጠብ ባሕርያት ጋር መጠነኛ ቁርኝት አላቸው፤ ከከባድ ወንጀል ጋር የሚያስተሳስራቸው ግን በቂ ማስረጃ የለም። በጆሃንስበርግ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ወላጅ ልጁን ከስልክ ጨዋታ ቢከለክል አያስነቅፈውም። እ.ኤ.አ. በሜይ 2008 በከተማዋ አሌክሳንድራ ሠፈር ተቀስቅሶ ከ60 በላይ ሰዎችን የፈጀው በመጤዎች ላይ ያነጣጠረ ጥቃት ግን የደረሰው ልጆች ውለው በሚያድሩበት መንደር ውስጥ ነበር።