የላፕቺክ ደብተር

ሐርጌሳ ላይ ፀሐይዋ በረድ ስትል፣ ከዐስር ሰዓት በኋላ፣ ኳስ ይዘን እንወጣለን። ሜዳችን ሲሚንቶ ነው፤ የአንደኛው ቀለበት መረብ ከተበጠሰ ቆይቷል። የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። ቀን የኤሌክትሪክ ሥራ እሠራለሁ፣ ከዚያ የሰፈሩን ልጆች ቅርጫት ኳስ አሠለጥናለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዱ ልጅ ስልኩን አውጥቶ በእንግሊዝ እግር ኳስ ላይ 20 ዶላር ማስያዙን እየሣቀ አሳየኝ። ገንዘቡ የወንድሙ ነው። ልምምዱን አቁሜ ስለ አሜሪካዊው የቅርጫት ኳስ ተጫዋችና አሠልጣኝ ጆ ላፕቺክ አወራኋቸው።

ላፕቺክ እ.ኤ.አ. በ1900 በኒው ዮርክ ግዛት፣ ዮንከርስ ከተማ ተወለደ። ቁመቱ ወደ 1.96 ሜትር ነበር። እሱ በሚጫወትበት ዘመን በብዙ ቦታ ሜዳው ዙሪያውን በሽቦ ወይም በገመድ መረብ ይታጠር ነበር፤ ከአጥሩ ጋር የተላተመ ተጫዋች ቆዳው ይላጥ ነበር። ነጥብ በተቆጠረ ቁጥር ኳሱ ወደ መሀል ተመልሶ እንደገና ይዘለልበታል፤ ስለዚህ ረጅም ሰው ለቡድኑ ኳስ ያስገኝ ነበር። በ1923 ኦሪጅናል ሴልቲክስ የተባለው ቡድን ገባ። በ1936 የሴንት ጆንስ ዩኒቨርሲቲ፣ በ1947 ደግሞ የኒው ዮርክ ኒክስ አሠልጣኝ ሆነ። በ1950 ጥቁሩን ተጫዋች ናት ክሊፍተንን ሲያስፈርም ጥቁር ተጫዋቾች ኤንቢኤ መግባት ገና መጀመራቸው ነበር።

ልጆቹን ዝም ያሰኘው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። በ1951 የኒው ዮርክ የኮሌጅ ተጫዋቾች ከቁማርተኞች ገንዘብ ተቀብለው ተገኙ። መሸነፍ እንኳ አይጠበቅባቸውም ነበር፤ ውርርዱ በነጥብ ልዩነቱ ላይ ስለሆነ፣ በዐስር ነጥብ ማሸነፍ ሲችሉ በአራት ማሸነፍ ይበቃ ነበር። ከታሰሩት መካከል ናት ሆልማን የሚያሠለጥናቸው ተጫዋቾች ነበሩበት። ሆልማን በሴልቲክስ የላፕቺክ የቡድን ጓደኛ የነበረ፣ ከቅሌቱ በፊት በነበረው ዓመት ሁለት ዋንጫ ያነሣ አሠልጣኝ ነበር። ላፕቺክ ስለዚያ ቅሌት የተጻፉትን የጋዜጣ ወሬዎች እየቆረጠ በደብተር ለጠፈ። በ1956 ወደ ሴንት ጆንስ ሲመለስ እያንዳንዱ ተጫዋች ደብተሩን አንብቦ እንዲፈርም አደረገ።

ለእኔ ከዋንጫዎቹ ሁሉ ይህ ደብተር ይበልጣል። ኳስ መቀባበልን ማንም ያስተምራል። ገንዘብ ይዞ ወደ ልጅ የሚጠጋውን ሰው ፊት የሚያውቀው ግን ራሱ ተጫውቶ ያለፈ ነው። እኛ ኢትዮጵያውያንም እንዲህ ያሉ ሰዎች አጥተን አናውቅም፤ የእግር ኳሱ መንግሥቱ ወርቁ እ.ኤ.አ. በ1962 የአፍሪካን ዋንጫ በተጫዋችነት አንሥቶ፣ በ1982 ብሔራዊ ቡድኑን በአሠልጣኝነት ይዞ ሊቢያ ሄዷል።

አዲስ አበባ ውስጥ የውርርድ ቤት ከትምህርት ቤት አጥር ብዙም የማይርቅበት ጊዜ ነበር። እዚህ ሐርጌሳ ቤቱ ባይኖርም ስልኩ አለ። እኔ የማውቃቸው የአሠልጣኝነት ሥልጠናዎች ስለ ሰውነት ማሟሟቂያ ለቀናት ሲያስተምሩ ስለ ውርርድ አንድ ሰዓት አይመድቡም። ይህ ትልቅ ጥፋት ነው።

እኔም ደብተር ገዛሁ። የመጀመሪያውን ገጽ የፈረመው ያ ልጅ ነው፤ 20 ዶላሩን ለወንድሙ እንዴት እንደሚመልስ ከፊርማው በላይ በራሱ እጅ ጽፏል። ልጆች የምታሠለጥኑ ሁሉ፣ ነገ ከኳሱ ጋር አንድ ደብተር ይዛችሁ ውጡ።