ከእንጨት የሚሠራ ሰዓት

ሰዓት ከብረት ብቻ የሚሠራ ይመስላችኋል? አይደለም። ከእንጨትም ይሠራል። ለዚያውም በመኖሪያ ቤት፣ በቅዳሜና በእሑድ፣ በተራ መጋዝና በመሮ ይሠራል። በዛሬው ዓምዳችን ይህን እናያለን።

የምናወራው ስለ አዲስ አበባ ምሥራቅ ነው። ከመገናኛ ተነሥታችሁ ወደ ፀሐይ መውጫ ስትሄዱ ጉርድ ሾላን፣ ሲኤምሲን፣ አያትን ታገኛላችሁ። ከመገናኛ ወደ ደቡብ ብትታጠፉ ገርጂ አለ። ከዚያ ወዲያ ቦሌ ነው፤ አውሮፕላን ማረፊያው ያለው እዚያ ነው። ጉርድ ሾላ ማለት የተቆረጠ ሾላ ማለት ነው። ዛፉ ተቆርጦ ስሙ ለሠፈር ቀረ።

በዚህ አካባቢ ከሰኞ እስከ ዓርብ ቢሮ የሚውሉ ሰዎች አሉ። አንዳንዶቹ ቅዳሜ ሲደርስ አሮጌ ልብስ ይለብሱና ወደ እንጨት ሥራ ይዞራሉ። ግቢ ያለው በግቢው ጥግ ይሠራል። ኮንዶሚኒየም የሚኖር በረንዳው ላይ ጠረጴዛ ያቆማል። በጠረጴዛው ላይ ሞርሳ ይታሰራል። ሞርሳ ማለት እንጨት ጠፍንጎ የሚይዝ ብረት ነው። መጋዝ፣ መላጊያ፣ መሮ፣ መዶሻና ብርጭቆ ወረቀት ካሉ ሥራው ይጀመራል። ወንበር የሚሠራ አለ። መደርደሪያ የሚሠራ አለ። ሰዓት የሚሠራም አለ። እሑድ ማለዳ መጋዙን የሚያስጮህ ሰው ግን ከጎረቤት ምርቃት አያገኝም።

በመጀመሪያ እንጨት ይመረጣል። እዚህ ላይ እናንተን ለማስተማር አይቃጣንም። ለቀንበር የትኛው እንጨት እንደሚቀል፣ ለዕርፍ የትኛው እንደሚጠነክር ከገበሬ በላይ የሚያውቅ የለም። በከተማም ቢሆን ለሰዓት ጥሩው ዋንዛ ነው። ዋንዛ ለመሮ ይታዘዛል፤ ሲላግ መልኩ ያምራል፤ በደንብ ከደረቀ በኋላ ብዙ አይጣመምም። ወይራ ጠንካራ ነው፤ ግን መሮ ያደክማል። ባሕር ዛፍ በቀላሉ ይገኛል፤ ሲደርቅ ግን ይጠማዘዛል፣ ይሰነጠቃል።

ጀማሪ ሰው ብዙ ጊዜ እርጥብ ግንድ እንደ ዳቦ ይቆርጥና «ክብ አገኘሁ፣ ሰዓት አደርገዋለሁ» ይላል። ለጊዜው ያምራል። ውሎ አድሮ ግን ከዳር እስከ መሐል ይሰነጠቃል። ምክንያቱ ይህ ነው። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል። በክቡ ዙሪያ ያለው መኮማተር ከመሐል ወደ ዳር ካለው ይበልጣል። ዙሪያው ሲጠብ መሐሉ እኩል አይከተለውም። ስለዚህ ይተረተራል። በቁመቱ ተሰንጥቆ የወጣ ደረቅ ጣውላ ይሻላል።

ቀላሉ ሰዓት እንዲህ ይሠራል። በጣውላው መሐል ሚስማር ይተከላል። በሚስማሩ ላይ ሲባጎ ይታሰራል። በሲባጎው ጫፍ እርሳስ ታስሮ ክብ ይሣላል። አሁን 12ቱ ቁጥሮች በእኩል ርቀት ይቀመጡ። እንዴት? ያው ሲባጎ ይበቃል። ርዝመቱን ሳትለውጡ ከክቡ ዳር ላይ ከአንድ ነጥብ ወደ ሌላ ነጥብ በቀጥታ ወጥሩት። ልክ 6 ጊዜ ሄዶ ከተነሣበት ይገጥማል። 6 ነጥብ ወጣ ማለት ነው። በየሁለቱ ነጥብ መካከል አንድ አንድ ጨምሩ። 12 ሆነ። ይህን በአመድ ላይ በጣታችሁ ብትሞክሩትም ይሆናል።

ከዚያ ክቡ በመጋዝ ይወጣል። ዳሩ ይላጋል፤ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። መሐሉ ይበሳል። በጀርባው በመሮ ጉድጓድ ይወጣለታል። በጉድጓዱ ውስጥ ከክብሪት ቀፎ ጥቂት የምትበልጥ ሞተር ትገባለች። ሞተሯ ከአሮጌ የግድግዳ ሰዓት የተፈታች ልትሆን ትችላለች። መሐሏ ላይ ያለችው ዘንግ አጭር ስለሆነች እንጨቱ እዚያ ላይ መሳሳት አለበት፤ አለዚያ ዘንጓ አታልፍም። በሞተሯ ውስጥ ኳርትዝ የሚባል የማዕድን ፍንጣሪ አለ። አንድ የባትሪ ድንጋይ ሲገባላት ፍንጣሪው በሰከንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል። ሞተሯ ያን ሁሉ ትቆጥርና በየሰከንዱ አንድ እርምጃ ትራመዳለች።

የእንጨት ሠሪ ልቡ የሚያርፈው ግን በሌላው ሰዓት ላይ ነው። እርሱ ባትሪ የለውም። ሞተር የለውም። ጎማው፣ ጥርሱ፣ ቆጣሪው እንጨት ነው። የሚሄደው በክብደትና በዥዋዥዌ ነው።

ይህን ለመረዳት ድንጋይ በገመድ እሰሩና ከቤቱ አግዳሚ ላይ ስቀሉ። ገመዱ ከታሰረበት እስከ ድንጋዩ መሐል 99 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ሁለት ክንድ ግድም ነው። ትንሽ ሳብ አድርጋችሁ ልቀቁት። ከግራ ወደ ቀኝ ሲሄድ አንድ ሰከንድ ነው። ሲመለስ ሌላ ሰከንድ ነው። እንዲህ እያላችሁ 60 ስትቆጥሩ አንድ ደቂቃ ሞላ። ድንጋዩ ቢከብድ ቢቀል ለውጥ የለም። ለውጥ የሚያመጣው የገመዱ ርዝመት ነው። ሲያጥር ይፈጥናል፤ ሲረዝም ይዘገያል። ዥዋዥዌን ከሰዓት ጋር አጋጥሞ ያሠራው የሆላንድ ሰው ክርስቲያን ሁይገንስ ነው። ዘመኑም በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1656 ነበር።

ድንጋዩ ጥቂት ተወዛውዞ ይደክማል፤ ይቆማል። ስለዚህ የሚገፋው ይፈልጋል። የሚገፋው በገመድ የተንጠለጠለ ክብደት ነው። ክብደቱ ቁልቁል ሲወርድ ጥርስ ያለውን ጎማ ያዞራል። ጎማው ግን እንደ ልቡ እንዳይዞር ሁለት ጣት ያላት ሹካ ትጠብቀዋለች። ዥዋዥዌው በተወዛወዘ ቁጥር ሹካዋ አንዱን ጣቷን ታነሣለች፣ ሌላውን ትጥላለች። በዚያች ቅጽበት ጎማው ጥቂት ያልፋል። ሲያልፍም ዥዋዥዌውን በስሱ ይገፋዋል። «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚለው ድምፅ ይኸው ነው። ጎማው 30 ጥርስ ካለው በደቂቃ አንድ ጊዜ ይዞራል። ከእርሱ ጋር የተያያዙት ሌሎች ጎማዎች ትልቁን ቆጣሪ በሰዓት አንድ ጊዜ፣ ትንሹን ቆጣሪ በ12 ሰዓት አንድ ጊዜ ያዞራሉ።

ችግሩ ጥርሱ ላይ ነው። እንጨት በክሩ እንደሚሰነጠቅ ስትፈልጡ አይታችኋል። ጎማው ከአንድ ጣውላ ከወጣ በሁለት በኩል ያሉት ጥርሶች ክራቸው አግድም ይሆናል። በቀላሉ ይሰበራሉ። ስለዚህ ብልህ ሠሪ ትንንሽ ቁራጮችን የሁሉም ክር ወደ ውጭ እንዲያይ አድርጎ በኮላ ያጣብቃል። ወይም ኮምፔንሳቶ ይጠቀማል። ኮምፔንሳቶ ስስ እንጨቶች እርስ በርስ ተሻግረው የተጣበቁበት ጣውላ ነው። ክረምትም ሌላ ፈተና ነው። በክረምት እንጨት እርጥበት ይጠጣና ያብጣል። ጥርሶቹ ሲሠሩ ክፍተት ካልተተወላቸው ይጣበቁና ሰዓቱ ይቆማል።

ይህ ሁሉ ለጨዋታ እንዳይመስላችሁ። በእንግሊዝ አገር ጆን ሃሪሰን የሚባል የአናጢ ልጅ ነበረ። እርሱም አናጢ ነበር። በ1713፣ ገና የ20 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ጎማዎቹ ከእንጨት የሆኑ ሰዓት ሠራ። በኋላ የሠራው አንድ ትልቅ ሰዓት ደግሞ ዘይት አይቀባም። የሚፋተገው ክፍል ከራሱ ቅባት ካለው እንጨት የተሠራ ነውና። ሃሪሰን መርከበኞች በባሕር ላይ ያሉበትን ቦታ የሚያውቁበትን ሰዓት እስከ መሥራት ደረሰ።

አሁን ሰዓቱ ተሠርቶ አለቀ እንበል። ቁጥር ይጻፍበት። አንዳንዱ ሠሪ የግዕዝ ቁጥር ይቀርጻል፤ ከ፩ እስከ ፲፪። እኛ ይህን እንወደዋለን። በኢትዮጵያ ካርታ ቅርጽ የሚሠራም አለ። እርሱ ለጌጥ ያምራል፤ ለማንበብ ግን ክቡን የሚያህል የለም።

ቁጥሩ ከየት ይጀምር? ሰዓቱ ራሱ ይህን አያውቅም። እርሱ መዞር ብቻ ነው። መነሻውን የሚያቆመው ሰው ነው። እኛ የቀኑን ሰዓት ከንጋት እንቆጥራለን። በአገራችን ቀንና ሌሊት ዓመቱን ሙሉ ብዙ አይበላለጡም። ፀሐይም 12 ሰዓት ገደማ ትወጣለች፣ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች። ስለዚህ ቆጠራው ይስማማናል። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ደግሞ ዕለቱን በ60 ኬክሮስ ይከፍሉታል፤ አንዱ ኬክሮስ 24 ደቂቃ ነው። ፈረንጆች የሚቆጥሩት ከእኩለ ሌሊት ነው። የእኛ ሌሊት 6 ሰዓት የእነርሱ 12 ነው። ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው። ደቂቃው ግን አንድ ነው።

6 የ12 ግማሽ ነው። ይህ ለእንጨት ሠሪው ጠቀመው። ገርጂ በአንድ ግቢ ያየነው ሰዓት ትንሹ ቆጣሪ ሁለት ጫፍ አለው። አንዱ ጫፍ ጥቁር ነው። ከኋላ የወጣው ሌላው ጫፍ ነጭ ነው። ጥቁሩ 8 ላይ ሲሆን ነጩ ፊት ለፊቱ 2 ላይ ነው።

«ጋሼ፣ ይህ ለጌጥ ነው?» አልናቸው።

«ለጌጥ አይደለም ልጆቼ። ቤቴ ለአውሮፕላኑ ቅርብ ነው። ዘመድ ሁሉ ከአገር ቤት ትኬቱን ይዞ እኔ ዘንድ ነው የሚያርፈው። ጥቁሩ የኛን ሰዓት ያሳያል። ነጩ የትኬቱን።»

በሬ ተሸጦ፣ ብድር ተገብቶ የሚገዛ ትኬት አለ። አንዲት ልጅ ለሥራ ወደ ዐረብ አገር ትሄዳለች እንበል። ትኬቷ 02:30 ይላል። ጠዋት በ2:30 ቦሌ ብትደርስ አውሮፕላኑ ከሄደ 6 ሰዓት ሆኖታል። በእኛ ቆጠራ 02:30 ከሌሊቱ 8:30 ነው።

ቀኑም ያሳስታል። ትኬቱ «ሰኞ 02:30» ካለ፣ ለሰኞ አጥቢያ ሌሊት ማለት ነው። ከቤት የሚወጣው እሑድ ማታ ነው። ሻንጣ ለማስፈተሽና ፓስፖርት ለማሳየት 3 ሰዓት ቀድሞ መድረስ ይገባል። ስለዚህ ልጅቱ እሑድ ከምሽቱ 5:30 ቦሌ ትገኝ። የወሩ ቀንም የፈረንጅ ነው። በእኛ ስንት ቀን እንደሆነ ትኬቱን የሸጠውን ሰው በወረቀት ላይ አስጽፉት።

ሁለት ጫፍ ያለው ሰዓት የሌለው በሒሳብ ይሥራው። በትኬቱ ላይ 13 ወይም ከዚያ በላይ ካያችሁ በመጀመሪያ 12 ቀንሱ። አሁን ያለው ቁጥር ከ7 ካነሰ 6 ጨምሩ። 7 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 6 ቀንሱ። ለምሳሌ 15:20 ካለ 12 ስንቀንስ 3:20 ይሆናል። 3 ከ7 ስለሚያንስ 6 እንጨምራለን። 9:20 ሆነ። ቀን ነው ወይስ ሌሊት? በትኬቱ ላይ ከ6 እስከ 17 ባለው ቁጥር የሚጀምር ሰዓት የቀን ነው። የቀረው የሌሊት ነው።

አሁን እናንተ ሥሩ።

የአንዱ ትኬት 09:15 ይላል። በእኛ ስንት ሰዓት ነው?

የሌላው 16:40 ይላል። በእኛ ስንት ሰዓት ነው?

የሦስተኛው «ማክሰኞ 00:50» ይላል። ይህ ሰው ከየትኛው ቀን፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ ቦሌ መገኘት አለበት?

መልሱን በሚቀጥለው ሳምንት እናወጣለን።