ክልከላ ውሃ አያጠጣም

የሎንዶን መንገዶች ላይ ውሻ ጋሪ እንዳይጎትት የተከለከለው በ1839 በወጣው የሜትሮፖሊታን ፖሊስ ሕግ ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከጃንዋሪ 1 ቀን 1840 ጀምሮ በከተማዋ ክልል ውሻውን ጋሪ ላይ የጠመደ ሰው ለመጀመሪያው ጥፋት እስከ 40 ሽልንግ፣ ሲደግም ደግሞ እስከ 5 ፓውንድ ይቀጣ ጀመር። በ1854 የወጣ ሌላ ሕግ ክልከላውን ከዋና ከተማዋ አልፎ ወደ አገሪቱ አሰፋው። በውሻ የሚጎተት ጋሪ ይጠቀሙ የነበሩት ፈረስ መግዛት የማይችሉ ሰዎች ነበሩ፤ ዳቦና ሥጋ አዟሪዎች፣ ቢላ ሳዮች፣ የመንገድ ላይ ቸርቻሪዎች። ለክልከላው የቀረበው ምክንያት አንድ ብቻ አልነበረም። ውሾቹ ይደበደባሉ፣ ከአቅማቸው በላይ ይጫናሉ የሚለው እውነት ነበር። ጩኸታቸው ፈረሶችን ያስበረግጋል ተብሏል። ድካምና ጥም ውሻን ያሳብዳል የሚል፣ ዛሬ ስህተት መሆኑን የምናውቀው እምነትም ነበረበት። ሁለተኛው ሕግ ለእንግሊዝ የላይኛው ምክር ቤት በቀረበ ጊዜ የተቃወሙት ሰዎች የሰጡት ማስጠንቀቂያ ግን እስከ ዛሬ ተገቢውን ትኩረት አላገኘም፦ ሰውየው እንጀራውን ከነጠቃችሁት ውሻውን በምን ይቀልበዋል? ይገድለዋል እንጂ። ሕጉ ምን መደረግ እንደሌለበት ተናገረ። በማግስቱ ጠዋት ያንን ውሻ ማን እንደሚያበላው ግን አልተናገረም። ጋሪና አህያ ከመንገድ ይውጣ የሚል ሐሳብ በተነሣ ቁጥር የእኛም ከተሞች ሊመልሱት የሚገባው ጥያቄ ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ።

ያቺው ሎንዶን ከሃያ ዓመት በኋላ የሠራችው ሥራ ከክልከላው ይልቅ ሊጠና የሚገባው ነው። በ1859 ለሕዝቡ በነፃ የሚጠጣ ውሃ የሚያቀርብ ማኅበር ተቋቋመ፤ በ1867 ደግሞ ስሙ ላይ የከብት ማጠጫ ገንዳ የሚለውን ጨምሮ ለፈረስ፣ ለበሬና ለበግ በየአደባባዩ ገንዳ ማቆም ጀመረ። ገንዳዎቹ ከጠጣር ድንጋይ የተጠረቡ፣ ረጃጅምና ከባድ ናቸው። ብዙዎቹ ዛሬም በከተማዋ መንገዶች ዳር አሉ፤ ውሃ የለባቸውም፣ አበባ ተተክሎባቸዋል። ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው ከዋናው ገንዳ ሥር፣ ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ሌላ ትንሽ ገንዳ ያገኛል። እርሱ የተሠራው ለውሻና ለበግ ነው። ጭነት የጎተተ ፈረስ የት ላይ እንደሚጠማ፣ አንገቱ ምን ያህል ዝቅ እንደሚል፣ ከሥሩ የሚሄደው ውሻ ከየት እንደሚጠጣ ቀድሞ ያሰበ ሰው ነበር ማለት ነው። በዚያው ዘመን ሎርድ ሻፍትስበሪ የተባለ መኳንንት ጎልደን ሌን በተባለው ድሃ ሰፈር ከአህያ ነጂ ቸርቻሪዎች ጋር ወዳጅነት መሥርቶ አህያን በደንብ መያዝ የሚያስመሰግንና የሚያሸልም ሥራ እንዲሆን አደረገ። ቸርቻሪዎቹም ፍቅራቸውን ለመግለጽ አንድ አህያ አበረከቱለት። እነዚያው ሰዎች እሑድ ያረፈ አህያ ከማያርፈው እጅግ የተሻለ እንደሚሠራ ራሳቸው መስክረዋል። ይህ ለኢትዮጵያ ገበሬ አዲስ ነገር አይደለም፤ በሰንበትና በበዓል በሬውን የማይጠምድ ሕዝብ እረፍት ምን እንደሚሠራ ከማንም በላይ ያውቃል።

ሥራ ራሱ እንስሳን የሚጎዳ ነገር ነው የሚል ሰው ክረምቱ በከበደበት ሰሜናዊ አገር የበረዶ ጋሪ ጎታች ውሾች የሚኖሩበትን ግቢ የቀን ውሎ ቢመለከት ጥሩ ነው። እዚያ የሠራተኛው ዋና ሥራ ጋሪ መንዳት አይደለም። ገና ሳይነጋ ኩስ ይጠርጋል፣ ከየጎጆው የረጠበውን ገለባ አውጥቶ ደረቅ ይጎዘጉዛል፣ በረዶ የሆነ ሥጋ በመጥረቢያ ይፈልጣል። ውሻ በብርድ ጊዜ ቀዝቃዛ ውሃ በበቂ ስለማይጠጣ ለብ ያለ ውሃ ላይ ሥጋ ወይም ስብ ጣል አድርጎ ያቀርብለታል፤ ለሽታው ብሎ ሲልስ ውሃውን ይጨርሰዋል። ከዚያ እግር ይመረመራል። በጣቶቹ መካከል የተጋገረ በረዶ ቆዳውን ስለሚሰነጥቅ ሠራተኛው ጓንቱን አውልቆ እያንዳንዱን ጣት ፈልቀቅ አድርጎ ያያል፣ ቅባት ይቀባል፣ እንደ መንገዱ ሁኔታ የጨርቅ ጫማ ያለብሳል። አራት እግር፣ ደርዘን ውሻ፣ ክረምቱን ሙሉ። ጠፍሩ ብብት ላይ ይፈገፍግ እንደሆነ ያያል፣ ያልበላውን ውሻ ለይቶ ያስቀራል። በረጅም ውድድር ላይ ያለ አንድ ውሻ በቀን እስከ 10,000 ካሎሪ ሊያቃጥል ስለሚችል ምግቡ ለነገ የሚባል ነገር አይደለም። በአላስካ የሚካሄደው ኢዲታሮድ የተባለው ታላቅ ውድድር እያንዳንዱ ተወዳዳሪ አንድ የ24 ሰዓትና ሁለት የ8 ሰዓት እረፍት እንዲያደርግ ያስገድዳል፤ በየጣቢያውም የእንስሳት ሐኪሞች ይቆማሉ። በብሪታንያም ውስጥ፣ በስኮትላንድ አቪሞር አጠገብ ባለው የግሌንሞር ጫካ፣ የሀስኪ ውሾች ውድድር ከ1980ዎቹ ጀምሮ በየክረምቱ ሲካሄድ ኖሯል፤ በረዶ ሲጠፋ ውሾቹ ባለጎማ ጋሪ ይጎትታሉ። የውሻው ደኅንነት የተመሠረተው ከሥራ በመራቁ ላይ አይደለም። በየማለዳው በሚደጋገመው፣ ማንም በማያየው የሠራተኛው ድካም ላይ ነው።

የውሻ ግቢ ሁሉ እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም፣ ይህን ተቃውሞ የሚያነሡ ሰዎችም እውነት አላቸው። በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ከ2010 የክረምት ኦሊምፒክ በኋላ የቱሪስቱ ገበያ ሲቀዘቅዝ በደርዘን የሚቆጠሩ ጎታች ውሾች ተገድለው በጅምላ ተቀብረዋል። ወሬው በ2011 ሲወጣ ዓለም ተቆጣ፣ መቆጣቱም ተገቢ ነበር። የዚያ ክፍለ አገር መንግሥት ግን ሥራውን በሙሉ አግዶ ከጉዳዩ አልሸሸም። በ2012 ውሾቹ እንዴት መያዝ እንዳለባቸው የሚደነግግ ደንብ አወጣ፤ የታሰረ ውሻ በየቀኑ ተፈትቶ እንዲንቀሳቀስም ግዴታ አደረገ። በእኔ ግምት ይህ ከ1839ኙ የሎንዶን ሕግ የበሰለ መልስ ነው፤ ውሻውንም የውሻውን ጠባቂም አብሮ ያያልና። ክልከላ ፈጽሞ አያስፈልግም ብዬም አልከራከርም። ከአንታርክቲካ ውሾች ሁሉ በ1994 እንዲወጡ የተደረገው የውሻ በሽታ «ሲል» ወደሚባሉት የአካባቢው ባሕር አጥቢ እንስሳት እንዳይዛመት በመሥጋት ነበር፤ ይህ ጠንካራ ምክንያት ነው። እንግሊዞች የመጨረሻ ውሾቻቸውን በጥይት ከመጨረስ ይልቅ ውቅያኖስ አሻግረው በሰሜን ካናዳ ኢኑክጁዋክ ለተባለች መንደር ነዋሪዎች አስረከቡ። ከፊሎቹ አዲስ በሽታ አግኝቷቸው ብዙ አልቆዩም። ቢሆንም ክልከላው እንስሳው ከዚያ በኋላ የት እንደሚሄድ ከሚያስብ ዕቅድ ጋር መጣ። እኔም የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። ኢትዮጵያ በአህያ ብዛት ከዓለም ቀዳሚዋ ናት። እህል ወደ ወፍጮ፣ ውሃ ወደ ቤት፣ ከሰልና እንጨት ወደ ገበያ፣ ሲሚንቶና አሸዋ ወደ ግንባታ የሚደርሰው በስንት ቦታ በአህያ ጀርባ ነው። ስለ አህያ የነበረን ትልቁ ብሔራዊ ክርክር ግን ስለ ሞቷ ነበር። በ2017 ቢሾፍቱ ላይ የተከፈተው የአህያ ቄራ በሕዝብ ቁጣ ተዘጋ። በፌብሩዋሪ 2024 ደግሞ አዲስ አበባ ላይ የተሰበሰቡት የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች አህያን ለቆዳዋ ሲባል ማረድን በአህጉሩ አገዱ። ሁለቱም ትክክለኛ ውሳኔዎች ናቸው። ነገር ግን ከቄራው ያዳንናት አህያ በማግስቱ ጠዋት ምን አገኘች? ጀርባዋ ገጣባ ሆኖ ቁስሉ ላይ እንደገና ጆንያ ተጫነባት። ገጣባ የሚመጣው በአብዛኛው ከጭካኔ አይደለም። መደላድሉ ስስ ሲሆን፣ ጭነቱ ወደ አንድ ወገን ሲያጋድል፣ ገመዱ ከናይለን ሲሆንና ብብቷን ሲበላት፣ ቆዳው ይላጣል፤ ዝንብ ያርፍበታል፤ ባለቤቷ የዕለት ጉርሱን የሚያገኘው ከእርሷ ስለሆነ እስክትድን ሊያሳርፋት አይችልም። ወፍራም መደላድልና ሰፊ ጠፍር ይህንን ቁስል ገና ሳይጀምር ያስቀሩታል። የጋሪ ፈረስም ዕጣ ከዚህ አይሻልም። ባጃጅ ከተማውን ሲሞላ፣ ወይም ጋሪ ከአስፋልት ይውጣ ሲባል፣ ያረጀውና የታመመው ፈረስ የሚያሳርፈው በረት የለም፤ በመንገድ ዳር ይለቀቃል፤ ከቆሻሻ ክምር ላይ ፌስታል እየበላ ይቆያል። ከ170 ዓመት በፊት በእንግሊዝ ምክር ቤት የተሰጠው ማስጠንቀቂያ በእኛ መንገድ ዳር እየተፈጸመ ነው።

ሰው በተቸገረበት አገር ስለ አህያና ፈረስ መጻፍ ቅንጦት ነው የሚል ሰው አይጠፋም። ይህን ተቃውሞ በቀላሉ ማለፍ አይገባም፣ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ድህነትን ከሚያውቅ ሰው ነውና። ግን አህያዋ የታመመችበትን ቤት ተመልከቱ። እንሥራውን ወይም ጄሪካኑን በጀርባዋ የምትሸከመው እናት ናት፤ ሴት ልጇም ከትምህርት ቤት ቀርታ ታግዛታለች። ባለጋሪው ፈረሱ ሲወድቅበት የልጆቹ የቀለብ ምንጭ አብሮ ይወድቃል። የእንስሳውን ቁስል ከሰውየው ችግር ነጥለን ልናየው አንችልም፤ በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖራሉ። ሌላው ተቃውሞ ከተማ ዘመናዊ ሲሆን ጋሪ ቦታ የለውም የሚለው ነው። ለትራፊክ ሲባል ጋሪን ከዋና መንገድ ማውጣት ተገቢ ሊሆን እንደሚችል እቀበላለሁ። ሎንዶንም ፈረሶቿን በመኪና ተክታለች። የማልቀበለው ፈረሱ ሲወጣ እንደተጣለ ዕቃ መቆጠሩን፣ ባለጋሪውም አማራጭ ሳያገኝ በአንድ ቀን ማስታወቂያ እንጀራው መቆረጡን ነው።

የተግባር ልምዱ ከሌላ ቦታ መፈለግ የለበትም። ዋና መሥሪያ ቤታቸው ሎንዶን ከሆነው ሁለት የእንስሳት እርዳታ ድርጅቶች ስፓና በ1923 ተመሠረተ፣ ብሩክ ደግሞ ዶሮቲ ብሩክ በ1934 ካይሮ ላይ በከፈተችው የፈረስ ሕክምና ተጀመረ፤ ሁለቱም በኢትዮጵያ ይሠራሉ። ቢሾፍቱ ባለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም ጋማ ከብቶች ሲታከሙ፣ ተማሪዎችም በዚያ ሲሠለጥኑ ዓመታት ተቆጥረዋል። የጎደለው የማዘጋጃ ቤት እጅ ነው። የእርዳታ ድርጅት ጥቂት ወረዳዎችን ያዳርስ ይሆናል፤ በየገበያው መግቢያ ገንዳ ማቆም፣ ስንት ኩንታል በአንድ ጋሪ እንደሚጫን መወሰንና ደንቡን ማስከበር ግን የመንግሥት ሥራ ነው። የወንጀል ሕጋችን በእንስሳት ላይ የሚፈጸም ጭካኔን ያስቀጣል፤ ቅጣት ብቻውን ግን ቀጭን መደላድል አያወፍርም። ከባለጋሪው ጋር ተቀምጦ የሚነጋገር፣ ጠፍር እንዴት እንደሚሰፋ የሚያሳይ፣ ፈረስ ሲያነክስ ሰኮናውን አንሥቶ የሚያይ ባለሙያ ያስፈልጋል። የዚህ ባለሙያ ደመወዝ ለአንድ ከተማ በጀት ከባድ ሸክም አይደለም።

ስለዚህ ለከተማ ምክር ቤቶቻችን አንድ ልመና አለኝ። ጋሪን ወይም አህያን የሚከለክል ደንብ ለውይይት ከማቅረባችሁ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን በጽሑፍ መልሱ፦ እንስሳው ከክልከላው በኋላ የት ያድራል፣ ማን ይቀልበዋል፣ ባለቤቱስ በምን ይተዳደራል? መልሱ ከሌለ ደንቡን አሳድሩትና በዚያው ዓመት በገበያችሁ በር ላይ አንድ የውሃ ገንዳ አቁሙ። በሎንዶንም ሆነ በሌላ አገር የምትኖሩ፣ ለትውልድ መንደራችሁ በየዓመቱ ገንዘብ የምታዋጡ ወገኖችም፣ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ላይ የአካባቢውን የእንስሳት ጤና ጣቢያ በዕቅዳችሁ አስገቡ።